ስለ አሜሪካ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተርና በሐይቅ መንገድ ስላገለገሉት መኪኖች

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፥ በውጫሌና በመርሳ አልፎ ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ ለከባድ መኪና እንዲመች ኾኖ የተሠራው ጣልያኖች አገራችንን ይዘው በነበሩበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ወታደር የጫነውም፥ እህል የጫነውም፥ ጨው የጫነውም፥ በሽተኛ የጫነውም መኪና በሐይቅ ከተማ መካከል እያጓራ ሲያልፍ ኖሯል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ራብ በጸና ጊዜ ብዙ ሕዝብ ቀዬውን ትቶ በዚሁ መንገድ ዳር የተሰበሰበው፥ እህል የሚመጣ ቢኾን በመኪና እንጂ በሌላ እንደማይደርስለት ስላወቀ ነው። ስለዚህ በተሁለደሬና በአምባሰል ለሚኖር ሰው የመኪና ሞተር ነገር የከተሜ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

በዚህ መንገድ ከጣልያን ሥራ ጋራ ከተመላለሱት መኪኖች መካከል የአሜሪካ ሥራ የኾኑት ጥቂት አልነበሩም፤ ከነዚያም የሚበዙት ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ ሰልፍ የተደረደሩበት ሞተር ነበራቸው። ልጆች ይህን ሲሰሙ «ስድስት የኾነው ለምንድር ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ብዙ ሰው የሚመልሰው «ኀይሉ እንዲበዛ ነው» እያለ ነው። ይህ መልስ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። አራት ሲሊንደር ያለውን ሞተር ሲሊንደሮቹን አስፍቶ በመሥራት ከስድስቱ እኩል ኀይል እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላልና። የስድስቱ ብልኀት ኀይሉን በተራና በእኩል ማውጣቱ ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ኹሉ ወደዚሁ ይመለሳል። ስለ ውጭ አገር ፋብሪካ ስንናገር የአውሮጳን አቈጣጠር፥ ስለ አገራችን ስንናገር የኢትዮጵያን አቈጣጠር መያዛችንን አንባቢ ያስተውል።

አስቀድሞ የአንዱን ሲሊንደር ሥራ ማወቅ ይገባል። ሲሊንደር ማለት ውስጡ ተፍቆ የለሰለሰ ክብ የብረት ጕድጓድ ነው፤ በውስጡ ፒስተን የሚባለው ክዳን መሳይ ብረት ይወጣል ይወርዳል። ፒስተኑ መጀመሪያ ወርዶ እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየርና ቤንዚን ይስባል። ኹለተኛ ወጥቶ የሳበውን ያምቃል። ሦስተኛ ካንዴላው የእሳት ፍንጣሪ ሲሰጥ የታመቀው ነዶ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። አራተኛ እንደገና ወጥቶ ጢሱን ያስወጣል። እንግዲህ ከአራቱ ሥራ ኀይል የሚሰጠው አንዱ ብቻ መኾኑን፥ ሦስቱ ግን ኀይል የሚበሉ መኾናቸውን መምህሩ አጥብቆ ያስረዳ። እነዚህ አራት ሥራዎች እስኪፈጸሙ ድረስ ጋራዥ ሰዎች ኮሎ የሚሉት ጠማማው ዘንግ ኹለት ጊዜ ይዞራል። አንድ ሲሊንደር ብቻ ቢኖር ዘንጉ ከኹለቱ ዙር ግማሹን ዙር እየተገፋ፥ አንድ ዙር ተኩሉን ግን በከባዱ ጎማ መሳይ ብረት ግፊት ብቻ እየተጎተተ ይሄዳል ማለት ነው።

በማሽላ ውቂያ ጊዜ በአውድማ ላይ የሚኾነውን ማሰብ ነገሩን ግልጥ ያደርገዋል። ስድስት ሰዎች ዱላቸውን ኹሉ ባንድ ጊዜ ቢያወርዱ ምድሩ ይደነግጣል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ይላል፤ እንደገናም ይደነግጣል። በተራ በተራ ቢመቱ ግን ድምፁ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፥ ወቂዎቹም አይደክሙም። ኹለት ሙሉ ዙር 720 ዲግሪ ነው፤ ለስድስት ሲካፈል ለያንዳንዱ 120 ዲግሪ ይደርሰዋል። አንዱ ሲሊንደር ገፍቶ ሳይጨርስ ሌላው መግፋት ይጀምራል ማለት ነው። በአራት ሲሊንደር ሞተር ግን የያንዳንዱ ድርሻ 180 ዲግሪ ስለ ኾነና የእሳቱም ግፊት ወደ መጨረሻው ስለሚደክም፥ በአንዱና በሌላው መካከል ጥቂት ክፍት ይገኛል።

ይህን በክፍል ውስጥ ያለ ምንም ዕቃ ማሳየት ይቻላል። መምህሩ ስድስት ተማሪዎች በአንድ ሰልፍ አቁሞ ከ1 እስከ 6 ቍጥር ይስጣቸው። አንደኛውና ስድስተኛው ባንድነት ይቁሙ ባንድነትም ይቀመጡ፤ ኹለተኛውና አምስተኛው እንዲሁ፤ ሦስተኛውና አራተኛውም እንዲሁ። እሳት የሚነሣበት ተራ በአሜሪካ ሞተሮች ዘንድ የተለመደው 1፥ 5፥ 3፥ 6፥ 2፥ 4 ነው። ተማሪዎቹ በዚህ ተራ እጃቸውን ያጨብጭቡ። ጭብጨባው ከሰልፉ ጫፍ ወደ መካከል፥ ከመካከልም ወደ ሌላው ጫፍ ሲዘል ይታያል፤ ሦስቱ ጥንዶችም ተራቸውን ሳያፋልሱ ኹለት ኹለት ጊዜ ይደርሳቸዋል። ብልህ ተማሪ «ሌላ ተራስ አይገኝም?» ብሎ ቢጠይቅ ይገኛል፤ 1፥ 4፥ 2፥ 6፥ 3፥ 5 ነው፤ ጠማማው ዘንግ በሌላ ወገን ሲጠመዘዝ የሚሠራ ነው። መምህሩ መልሱን ሳይነግር ልጆቹ ራሳቸው ፈልገው እንዲያገኙት ቢተዋቸው እጅግ ይሻላል።

ከጭብጨባው የሚበልጥ አንድ ምሥጢር አለ። ፒስተን በሲሊንደሩ ላይኛ ክፍል ሲመላለስ ከታችኛው ክፍል ይልቅ ይፈጥናል። በአራት ሲሊንደር ሞተር ኹለቱ ሲወጡ ኹለቱ ቢወርዱም፥ የላይኞቹ ፍጥነት ከታችኞቹ ጋራ ስለማይተካከል በየዙሩ ኹለት ጊዜ የሚያናውጥ ትርፍ ግፊት ይቀራል። ስድስቱ በሰልፍ ሲኾኑ ግን ይህ ትርፍ እርስ በርሱ ተጣፍቶ ያልቃል። ባለ ስድስት ሞተር ሥራ ላይ ሳለ በላዩ የቆመ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ አይፈስም እያሉ ሹፌሮች የሚፎክሩት ከዚህ የተነሣ ነው። የሚናወጥ ሞተር ብሎኑን ያላላል፥ ቧንቧውን ይሰነጥቃል፤ እንደኛ ባለ ኰረብታማ መንገድ ላይ፥ ብሎን የሚሸጥበት ሱቅ አንድ ቀን በሚያስሄድበት ዘመን፥ የሞተር ጸጥታ የቅንጦት ነገር አልነበረም።

በአሜሪካ አገር ስድስት ሲሊንደር አስቀድሞ የባለጠጎች ነበር። ይህን የለወጠው ሸቭሮሌት የተባለው ፋብሪካ ነው፤ በአውሮጳ 1929 ዓመት ስድስት ሲሊንደር ያለውን መኪና በአራቱ ዋጋ እሸጣለሁ ብሎ አወጀ። ሞተሩ 46 የፈረስ ጕልበት ብቻ ነበረው፤ ፒስተኖቹም ቀልጦ ከተቀዳ ብረት የተሠሩ ስለ ነበሩ ሌሎች ፋብሪካዎች ይሣለቁበት ነበር። ያሠሩት ብሎኖች የማገዶ ምድጃ ብሎን ይመስላሉ ብለው አሜሪካኖች በዚያው ስም ጠሩት። የተሣለቁበት ሞተር ግን እየታረመና እያደገ እስከ 1962 ድረስ በፋብሪካው ቆየ። ለጭነት መኪና የተስማማውና በጦርነቱ ዘመን የታወቀው በ1937 የወጣው ነው፤ የሲሊንደሮቹ መጠን ሦስት ሊትር ተኩል፥ ጕልበቱ መጀመሪያ 85፥ ከ1941 ጀምሮ 90 ፈረስ ነበር።

ዶጅ የተባለው መኪና ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። በሸቭሮሌት ሞተር ቫልቮላዎቹ ከፒስተኑ በላይ በቴስታታው ውስጥ ናቸው፤ በዶጅ ግን ከሲሊንደሩ ጎን በታች ናቸው፥ ቴስታታውም እንደ ድስት ክዳን ጠፍጣፋ ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ትንፋሹ አጭር ስለ ኾነ ፈጣን አይደለም፤ ነገር ግን የሚሰበርበት ነገር ጥቂት ነው፥ ለመፍታትም ቀላል ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሦስት ሩብ ቶን በሚጭነው የወታደር ዶጅ፥ ከ1946 በኋላም ፓወር ዋገን በተባለው መኪና ላይ የገባው ሞተር ይህ ነው፤ መጠኑ 3.8 ሊትር ነበር። ሦስተኛው የጂ.ኤም.ሲ. ሞተር ነው፤ 4.4 ሊትር፥ እስከ 104 ፈረስ ጕልበት ያለው። ይህ ሞተር ባለ ዐሥር ጎማውን፥ ኹለት ቶን ተኩል በጭቃና በአሸዋ ላይ የሚጭነውን መኪና ይነዳ ነበር፤ ከዚህም መኪናና ከዘመዶቹ በጦርነቱ ዓመታት ከ500 ሺህ በላይ ተሠርተዋል።

እነዚህ መኪኖች ወደ አገራችን የመጡበት መንገድ ከነጻነታችን ታሪክ ጋራ የተያያዘ ነው። በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪቃ ጦር ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ዘምቶ በኮምቦልቻ በላይ ከተዋጋ በኋላ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴን ያዘ። ከዚያም በሐይቅና በወልድያ መንገድ ወደ አምባ አላጌ ወጣ፤ በዚያም የጣልያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን ግንቦት 11 ቀን እጁን ሰጠ። ይህን ጦር ያጓጓዙት መኪኖች ብዙዎቹ ፎርድና ሸቭሮሌት ነበሩ፤ ኹለቱም ፋብሪካዎች በደቡብ አፍሪቃ በፖርት ኤልዛቤት ከተማ የመገጣጠሚያ ቤት ነበራቸውና። በ1935 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአሜሪካ መንግሥት ጋራ በጦርነቱ ዘመን ስለሚሰጥ የዕቃ ርዳታ ተዋዋለች። በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድርና በአሜሪካ የመንገድ ባለሙያዎች ርዳታ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ የተበላሹት መንገዶች መጠገን ጀመሩ። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ጦር ሠራዊት ርዳታ ከአሜሪካ ጋራ ስምምነት ተደረገ። በነዚህ ዓመታት የአሜሪካ መኪና፥ የአሜሪካ የመንገድ መሣሪያም በአገራችን በዛ።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎች ሲጨዋወቱ የሚሳሳቱባቸውን ነገሮች ማረም ይገባል። አንደኛ፥ በጦርነቱ ጊዜ የመጣችው ትንሿ ጂፕ ባለ ስድስት አልነበረችም፤ ባለ አራት ነበረች። ኹለተኛ፥ የዚያ ዘመን የፎርድ መኪኖች ብዙዎቹ ስምንት ሲሊንደር ነበራቸው፤ አራቱ በአንድ ወገን አራቱ በሌላው ወገን ተከፍለው እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ያዘነብላሉ። ሦስተኛ፥ ትሬንታ ኳትሮ የተባለው ትልቁ የጣልያን ፊያት ስድስት ሲሊንደር እንደ ነበረው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚጠጣው ናፍጣ እንጂ ቤንዚን አልነበረም፥ ካንዴላም የለውም። ሦስት ሮ የተባለው ላንቺያስ አምስት ሲሊንደር ነበረው፤ ይህ ያልተለመደ ቍጥር ነው፥ ድምፁንም የሰማ ሰው ከሌላው ይለየዋል።

አሁን ወደ ዘይቱ ነገር እንምጣ፤ ከሞተር ዕውቀት ኹሉ ለሹፌርም ለባለንብረትም ገንዘብ የሚያድነው ይህ ነውና። ፒስተኑን ከጠማማው ዘንግ ጋራ የሚያያይዘው ክንድ ቢዬላ ይባላል። ቢዬላው ዘንጉን በሚጨብጥበት ቦታ ብረት ከብረት ጋራ እንዳይፋጭ ብሮንዚን የሚባል ለስላሳ ማዕድን ይገባል፤ በብሮንዚኑና በዘንጉም መካከል ከወረቀት የሳሳ የዘይት ንጣፍ አለ። ይህ ንጣፍ እስካለ ድረስ ብረቱ ብረቱን አይነካም። ንጣፉ በጠፋ ጊዜ ለስላሳው ማዕድን በጥቂት ደቂቃ ይቀልጣል።

በጂ.ኤም.ሲ.ና በዶጅ ሞተር ዘይቱ በፖምፓ ተገፍቶ፥ በዘንጉ ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ አልፎ እያንዳንዱን ቢዬላ ይደርሳል። በአሮጌው ሸቭሮሌት ግን እንዲህ አልነበረም። በያንዳንዱ ቢዬላ ግርጌ እንደ ማንኪያ ያለች ትንሽ ብረት ነበረች፤ ቢዬላው በዞረ ቍጥር ማንኪያዋ ከታች ካለው ገበታ ዘይት እየጨለፈች ለብሮንዚኑ ታጠጣው ነበር። በሜዳ መንገድ በዝግታ ለሚሄድ መኪና ይህ ይበቃል። ነገር ግን ሞተሩ እጅግ ሲፈጥን ማንኪያዋ ዘይቱን ትበትነዋለች፤ መኪናው ረጅም አቀበት ሲወጣ ደግሞ ዘይቱ ኹሉ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ዘይቱ አስቀድሞ ጐድሎ ከነበረ የፊተኛው ቢዬላ ይጠማል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን አቀበት ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ኾነ ያውቃል። በዚያን ጊዜ ከሞተሩ ውስጥ እንደ መዶሻ ያለ ኳ፥ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማል። ያወቀ ሹፌር ወዲያው ያቆማል። ያላወቀ «እስከ ከተማ ያድርሰኝ» ብሎ ይነዳል፤ ቢዬላውም ተሰብሮ የሞተሩን ጎን ቀድዶ ይወጣል፥ ከዚያ በኋላ ያ ሞተር የሚጠቅመው ለአንጥረኛ ነው።

ይሁን እንጂ የአሮጌው ሸቭሮሌት ጕድለት ከነመድኀኒቱ የመጣ ነበር። በብሮንዚኑ መጋጠሚያ ላይ ሥሥ የብረት ቅጠሎች ተነባብረው ይገኙ ነበር፤ ብሮንዚኑ ሲበላና ሲላላ አንዱን ቅጠል አውጥቶ መልሶ ማጥበቅ ይቻል ነበር። ይህን ለማድረግ ቁልፍና ትዕግሥት እንጂ ፋብሪካ አያስፈልግም። ሞተሩ በዘይት እጥረት የሚታመም መኾኑንና በመንገድ ዳር የሚድን መኾኑን አንድ ላይ ያላየ ሰው የዚያን ዘመን ሹፌሮች ለምን ይወዱት እንደ ነበር አይገባውም። ፋብሪካው ራሱ በ1953 እና በ1954 ማንኪያውን ትቶ ዘይቱን በፖምፓ መግፋት ጀመረ።

ኹለተኛው ነገር የአገራችን ከፍታ ነው። ሐይቅ ከባሕር ወለል ወደ 2000 ሜትር፥ ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍ ብለው ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሣሣል፤ ሞተር የሚስበው አየር ስለሚያንሰው በሐይቅ ካለው ኀይል አንድ አምስተኛ፥ በደሴም አንድ አራተኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ ፋብሪካው 90 ፈረስ ብሎ የጻፈለት ሸቭሮሌት ደሴ ሲደርስ ወደ 68 ፈረስ ይወርዳል። አራት ሰው የሚሸከመውን ሣጥን ሦስት ሰው እንደ ተሸከመው ነው። ካርቡራተሩ ግን አየሩ መሣሣቱን አያውቅምና ቤንዚኑን እንደ ቆላው አብዝቶ ይሰጣል፤ ትርፉ ሳይነድ ጥቁር ጢስ ኾኖ ይወጣል። ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ጫፉ ቡናማ ከኾነ ልኩ ነው፤ ጥቀርሻ የለበሰ ከኾነ ቤንዚን በዝቷል፤ የነጣ ከኾነ ግን ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል።

ውኃውም በከፍታ ላይ ጠባዩን ይለውጣል። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በሐይቅ በ93፥ በደሴም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላ በደሴ ከቆላ ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለው ስለዚህ ነው፤ እናቶች ይህን ከመምህሩ አስቀድመው ያውቁታል። የአሮጌ መኪና ራዲያተር ክዳኑ ስለማይጠብቅ ውኃው ቶሎ ፈልቶ ያልቃል። ስለዚህ የዚያን ዘመን የጭነት መኪና የውኃ ቆርቆሮውን ሳይዝ አይወጣም ነበር። ኹለት ነገር ለልጆች በጥብቅ ሊነገራቸው ይገባል። የጋለ ሞተር ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ በእጅ አይከፈት፤ ከውስጡ የሚፈነዳው እንፋሎት ፊትን ይልጣል፥ ዐይንንም ያጠፋል። ደግሞም ውኃው ያለቀበት ሞተር እስኪበርድ ድረስ ሳይጠብቁ ቀዝቃዛ ውኃ አይጨመርበት፤ የጋለ ምጣድ ቀዝቃዛ ውኃ ሲደፋበት እንደሚሰነጠቅ ያ ብረትም ይሰነጠቃልና። ከምንጭ የተቀዳ ውኃ በማንቈርቈሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋግር ከኾነ ለራዲያተርም አይበጅም፤ የዝናብ ውኃ ይሻላል።

ሦስተኛው ነገር ቁልቁለቱ ነው፤ በዚህ የሚጠፋው ገንዘብ ሳይኾን ሕይወት ነው። ብዙ ሰው የመኪና ጭንቅ አቀበቱ ይመስለዋል። አቀበቱ ሞተሩን ይጎዳ እንደ ኾነ ነው እንጂ ተሳፋሪውን የሚገድለው ቁልቁለቱ ነው። ከነጭነቱ አምስት ቶን የሚመዝን መኪና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ወደ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በዚህ አወራረድ የሚለቀቀው ኀይል ወደ ሙቀት ቢለወጥ ወደ 100 ሊትር የሚኾን ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ሹፌሩ በፍሬን ብቻ ቢወርድ ይህ ኹሉ ሙቀት በአራት ወይም በስድስት ጎማ ፍሬን ውስጥ ይከማቻል፤ ፍሬኑ ይግላል፥ ይሸታል፥ በመጨረሻም መያዙን ይተዋል።

መድኀኒቱ በሞተሩ ውስጥ አለ። ሹፌሩ እግሩን ከቤንዚን ሲያነሣ የካርቡራተሩ በር ይዘጋል፤ ስድስቱ ፒስተኖች አየር ሊስቡ ሲወርዱ በተዘጋ በር ላይ ይስባሉ። አፉን ይዞ መተንፈስ እንደሚያደክም ይህም ሞተሩን ያደክመዋል፥ መኪናውም ይያዛል። ማርሹ ዝቅ ባለ መጠን ሞተሩ ብዙ ጊዜ ይዞራል፥ መያዙም ይበረታል። በጥንት ሹፌሮች ዘንድ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚባለው ትእዛዝ ፍቺው ይህ ነው። ስድስት ሲሊንደር የሚይዘውም በተራና በእኩል ነው። ነገር ግን ቤንዚን ለመቈጠብ ብለው ማርሽ አውጥተው፥ አንዳንዶችም ሞተሩን አጥፍተው ቁልቁለት የሚለቁ ሹፌሮች ነበሩ፤ አኹንም አልጠፉም። በቍጠባ የሚገኘው ጥቂት ሊትር ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ የሚዘጋ በር ስለሌለው፥ በከባድ መኪኖች ላይ የጢስ መውጫውን የሚዘጋ ልዩ ክዳን ይደረጋል፤ ቁልቁለት ሲወርዱ የሚሰማው እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ የዚያ ነው። እንግዲህ በመኪና የሚሳፈር ሽማግሌ ይህ ድምፅ ሳይሰማ፥ መኪናውም እንደ ወፍ ጸጥ ብሎ ቁልቁለት ሲፈጥን ቢያይ፥ ሹፌሩን «ልጄ፥ ማርሽ አግባ» ማለት አያሳፍረውም።

አንባቢ እስካሁን ካየው ቃል ያስተዋለው ነገር ይኖራል። ሞተሩ የአሜሪካ ኾኖ የክፍሎቹ ስም የጣልያን ነው፦ ካንዴላ፥ ቴስታታ፥ ቢዬላ፥ ብሮንዚን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ባሌስትራ። መጀመሪያ በደሴና በአሥመራ ጋራዥ የሠሩት የጣልያን መካኒኮች ስለ ነበሩ፥ ረዳት ኾነው የገቡት ልጆች ሥራውን ከነቋንቋው ተማሩት። ጣልያን ሄደ፥ የአሜሪካ መኪና መጣ፤ መካኒኩ ግን በእጁ ያለውን ስም አልለወጠም። በመጽሐፍ የሚማር ተማሪ በእንግሊዝኛ ስም፥ በጋራዥ የሚማረው ደግሞ በጣልያንኛ ስም ስለሚጠራ ኹለቱ ሲገናኙ አይግባቡም። መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሚጽፈው የጋራዡን ስም ቢያስቀድም መልካም ነው፤ ልጁ ነገ ብሮንዚን ሲያዝዙት የሚያመጣው ያንን ነውና።

የአሜሪካ ባለ ስድስት መኪኖች ከመንገዳችን እየጠፉ ሲሄዱ ዘራቸው በሌላ በኩል ተመልሶ መጣ። ኪኢቺሮ ቶዮዳ የተባለው ጃፓናዊ የመጀመሪያውን ሞተሩን ሊሠራ ባሰበ ጊዜ የሸቭሮሌትን ሞተር ፈትቶ እያንዳንዱን ክፍል መረመረ፤ በ1935 በአውሮጳ አቈጣጠር የወጣው የቶዮታ የመጀመሪያ ሞተር 3.4 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበር፥ መልኩም የዚያን ሸቭሮሌት ይመስል ነበር። ከዚያ ትውልድ የመጣው የላንድ ክሩዘር ሞተር ነው፤ ይህ 3.9 ሊትር ሞተር እሳት የሚያነሣው እንደ አሜሪካኖቹ በ1፥ 5፥ 3፥ 6፥ 2፥ 4 ተራ ነው። ከ1960 እስከ 1984 የተሠራውን አጭሩን ላንድ ክሩዘር በገጠራችን ያላየ ሰው የለም። ዛሬም በየወረዳው ወላድ የሚያመላልሰው የላንድ ክሩዘር አምቡላንስ ብዙ ጊዜ የሚሄድበት የናፍጣ ሞተር 4.2 ሊትር፥ ስድስቱም በአንድ ሰልፍ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ ዛሬ የመጀመሪያ ክፍል የገባ ልጅ ሲያድግ የሚነዳው መኪና ካንዴላም ዘይትም የሌለው ሊኾን ይችላል። ያ መኪና ግን ከደሴ ሲወርድ የሚለቀው ኀይል ያው ነው፤ እርሱም በሞተሩ ይይዛል፥ የያዘውንም ኀይል ወደ ባትሪው ይመልሳል።

መምህሩ ልጆቹን ይዞ ወደ አንድ አሮጌ የቤንዚን መኪና ለመሄድ ቢችል፥ ባለቤቱን አስፈቅዶ፥ ሞተሩ ጠፍቶና በርዶ ሳለ ክዳኑን ያስከፍት። እሳት የሚያከፋፍለው ክብ ጥቁር ክዳን ላይ የሚወጡትን ወፍራም ሽቦዎች ልጆቹ ይቍጠሩ። ሞተሩ ባለ ስድስት ከኾነ ሰባት ያገኛሉ። ስድስቱ ወደ ካንዴላዎቹ ይሄዳሉ፤ በመካከል ያለው ሰባተኛው እሳቱን የሚያመጣው ነው። ከዚያ ከአንደኛው ሲሊንደር ጀምረው ሽቦዎቹን በዙሪያው በጣታቸው እየተከተሉ ተራውን በደብተራቸው ይጻፉ። የናፍጣ መኪና ከኾነ ከፖምፓው የሚወጡትን ቀጫጭን የብረት ቧንቧዎች ይቍጠሩ፤ አራት የሚያገኙም አሉ፥ ስድስት የሚያገኙም አሉ።